ቀይ ሥሩ ወዴት ይሄዳል?

(ኅዳር 2008 ዓ.ም. ሲያትል ውስጥ፣ ልጆቻቸውን ለውቅያኖስ ሳይንስ ውድድር ሊያስመዘግቡ ለተሰበሰቡ ቤተሰቦች የተደረገ ንግግር። ከድምፅ የተገለበጠ ነው፤ ከጥቂት ድግግሞሽ በቀር የተነካ ነገር የለም።)

የተከበራችሁ አባቶችና እናቶች፣ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ እናንተም ከኋላ ወንበር ስልካችሁ ላይ ያቀረቀራችሁ ልጆች፣ እንደምን ዋላችሁ! [እግዚአብሔር ይመስገን!] ቡናው እየተቆላ ስለሆነ እንዳላረዝም ተነግሮኛል። እሞክራለሁ። ቃል ግን አልገባም። [ሳቅ]

እኔ ሳይንቲስት አይደለሁም። ታክሲ ነጂ ነኝ። እዚህ ካላችሁት ውስጥ ግማሻችሁን ከሲታክ ኤርፖርት ቤታችሁ ያደረስኩ ይመስለኛል። ያደግሁት ወሎ ነው፤ ከደሴ በእግር የግማሽ ቀን መንገድ። ባሕር የሚባል ነገር በዓይኔ ያየሁት ካደግሁ በኋላ፣ ያውም በአውሮፕላን መስኮት ነው። ዋና አልችልም። ዛሬም አልችልም። እንዲህ ያለው ሰው ስለ ውቅያኖስ ምን ሊነግረን ቆመ ብትሉ አልቀየማችሁም። እኔም መጀመሪያ ልጄን ያልኳት እሱኑ ነው፤ «እኛና ባሕር ምን አገናኘን?»

ልጄ ሁለት ዓመት ተወዳድራለች። ሁለቱንም ዓመት ከጎኗ ነበርኩ። ዛሬ የምነግራችሁ ሦስት ነገር ነው፤ ውድድሩ ምንድን ነው፣ እንዴት እንዘጋጅ፣ እንግሊዝኛው የማይሆንልን ወላጆችስ ምን እናድርግ። መጀመሪያውን ቶሎ እጨርሰዋለሁ፤ ወረቀቱ በእጃችሁ ነውና።

ውድድሩ ናሽናል ኦሽን ሳይንስስ ቦውል ይባላል። የተጀመረው የተባበሩት መንግሥታት «የውቅያኖስ ዓመት» ብሎ በሰየመው፣ እ.ኤ.አ. በ1998 ነው። የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ናቸው የሚወዳደሩት። በየአካባቢው የመጀመሪያ ዙር አለ፤ የየአካባቢው ውድድር በአብዛኛው የውኃ እንስሳ ስም አለው። የእኛ ኦርካ ቦውል ነው። የአካባቢው አሸናፊ ወደ አገር አቀፉ ያልፋል። በአንድ ዙር ከእያንዳንዱ ቡድን አራት ልጆች ይቀመጣሉ፤ በእያንዳንዳቸው ፊት ደወል አለ። አንባቢው ጥያቄውን ያነባል፣ ቀድሞ የጫነ ይመልሳል። ለመመለስ የሚሰጠው አምስት ሰከንድ ነው። አምስት ሰከንድ! እኔ አምስት ሰከንድ ውስጥ የራሴንም ስልክ ቁጥር አላስታውስ። በትክክል ከመለሱ አራቱ ተመካክረው የሚመልሱት ተጨማሪ ጥያቄ ይመጣል። በመካከሉ ደግሞ በወረቀት የሚሠራ ረዘም ያለ ጥያቄ አለ። ጥያቄው ባዮሎጂም ነው፣ ኬሚስትሪም፣ ፊዚክስም፣ ጂኦሎጂም፣ የባሕር ሕግና ታሪክም። ደንቡን የዘንድሮውን አንብቡ፤ ይሻሻላል።

አሁን ወደ ሁለተኛው። እዚህ ላይ እቆያለሁ።

የመጀመሪያው ዓመት ዝግጅታችን እንዲህ ነበር። ልጄና ሦስቱ ጓደኞቿ፣ አንዷ የቬትናም ልጅ፣ አንዱ የሶማሌ ልጅ፣ አንዱ አባቱ ዓሣ አስጋሪ የሆነ ፈረንጅ፣ ሳሎኔ ውስጥ ይሰበሰባሉ። እኔ ካርድ ላይ ጥያቄ እየጻፍኩ አነባለሁ። «በዓለም ጥልቁ ቦታ?» «ማሪያና!» «ከክፍት ውቅያኖስ ጋር ከሚገናኙት ባሕሮች ከጨዋማዎቹ አንዱ?» «ቀይ ባሕር!» እንደ ውዳሴ ማርያም ያንበለብሉታል። እኔም ደስ ይለኛል። የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ለእኔ እውቀት ማለት ሳይደናቀፉ መወጣት ነበር። ስምንት መቶ ካርድ አስጠናኋቸው። ስምንት መቶ!

የውድድሩ ቀን ደረሰ። አንባቢው ስለ ቀይ ባሕር ጠየቀ። እኔ ከኋላ ተቀምጬ «ይቺማ የኛ ናት» አልኩ። ጥያቄው ግን ጨዋማው ባሕር የቱ ነው አላለም። በክረምት፣ ማለትም በፈረንጆቹ ብርድ ወራት፣ ባብ ኤል መንደብ ላይ፣ ማለትም ቀይ ባሕር ከኤደን ባሕረ ሰላጤ በሚገናኝበት ጠባብ በር፣ በወለሉ በኩል ያለው ውኃ ወዴት ይፈሳል ነበር ያለው። ወደ ቀይ ባሕር ወይስ ወደ ኤደን ባሕረ ሰላጤ?

ዝም። አራቱም ዝም። ቀይ ባሕር ጨዋማ መሆኑን ያውቃሉ፤ ሰምተውታል፣ አንበልብለውታል። ጨዋማ መሆኑ ምን እንደሚያስከትል ግን ማንም አልነገራቸውም። እኔም አልነገርኳቸውም፤ አላውቀውማ!

ወደ ቤት ስንመለስ መኪናው ውስጥ የሚናገር ጠፋ። ማታ ልጄ ኩሽና ገብታ ቆመች። ጾም ነበርና እናቷ ቀይ ሥር ቀቅላለች። ልጄ ቀይ ሥሩ የተቀቀለበትን ውኃ በብርጭቆ ቀዳች፣ ሲበርድ አንድ እፍኝ ጨው ጨመረችበት፣ አማሰለች። ከዚያ በመስታወት ጎድጓዳ ሳህን ንጹሕ ውኃ ሞልታ፣ ያንን ቀዩን በጠርዙ በኩል ቀስ አድርጋ አወረደችው።

ይኸው፣ ጠረጴዛው ላይ ያለው ሳህን ምን ይሠራል ስትሉ የቆያችሁት ለዚህ ነው። አንቺ ልጅ፣ ነይ እስቲ። ቀስ ብለሽ። በጠርዙ፣ በጠርዙ። እናንተ ከመውረዱ በፊት ገምቱ፤ ይንሳፈፋል የምትሉ እጅ አውጡ! ይሰምጣል የምትሉ! ይቀላቀላል የምትሉ! ... አያችሁ? [ጉርምርምታ] ከሥር ተኛ። እንደ ምንጣፍ ተነጠፈ።

ቀይ ባሕር ማለት ይህ ነው። የውቅያኖስ ውኃ በአማካይ በአንድ ኪሎ ውስጥ 35 ግራም ያህል ጨው አለው። ቀይ ባሕር በሰሜኑ በኩል ወደ 40 ይደርሳል። ለምን? ዝናብ የለም ማለት ይቻላል፣ ዓመቱን ሙሉ የሚገባ ወንዝ የለም፣ ፀሐዩ በዓመት ሁለት ሜትር ያህል ውኃ እየተነነ እንዲሄድ ያደርጋል። ውኃው ሲሄድ ጨው ይቀራል። ጨው የበዛበት ውኃ ይከብዳል፣ ወደ ታች ይወርዳል፣ በባብ ኤል መንደብ ወለል ሾልኮ ወደ ኤደን ይወጣል። በላዩ ቀለል ያለው ይገባል። አንድ በር ነው፤ ላይኛው ገቢ፣ ታችኛው ወጪ። እንደ እኛ ሠርግ ቤት በር፣ አንዱ ሲገባ አንዱ በሥሩ ይሾልካል። [ሳቅ]

ነገሩ ግን እዚህ አላለቀም። በማግስቱ ልጆቹ ተሰበሰቡ፤ ልጄ አሳየቻቸው። የሶማሌው ልጅ፣ ከሁሉም ዝምተኛው እሱ ነበር፣ ትንሽ ካየ በኋላ ምን አለ መሰላችሁ? «ቀይ ሥሩ ራሱ ቢሆንስ የከበደው? ጨው መሆኑን በምን አወቅሽ?»

እስቲ ንገሩኝ፣ በምን አወቀች? ... አላወቀችም! ቀይ ሥር ስኳር አለው፣ ቀለም አለው፣ ሌላም አለው። ስለዚህ ገለበጡት። ጨዉን ንጹሑ ውኃ ውስጥ ጨመሩ፣ ቀይ ሥሩን ያለ ጨው አወረዱት። ቀዩ ላይ ቀረ። ተንሳፈፈ። ያኔ ነው የታወቀው። እኔ ከስምንት መቶ ካርዴ ጋር ጥግ ላይ ተቀምጬ ነበር፤ ያቺ የልጅ ጥያቄ ከስምንት መቶው እንደምትበልጥ ያኔ ገባኝ። ካርዱን አልጣልኩትም፣ ስሞችና ቁጥሮች ያስፈልጋሉ። ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእያንዳንዱ ካርድ ጀርባ «ለምን?» የሚል ጻፍን። ጀርባውን ያልመለሰ ፊቱን እንደመለሰ አይቆጠርለትም። ለምን? በምን አወቅህ? ለምን? በምን አወቅሽ? ቤታችን ውስጥ ሰው መኖር አቃተው። ባለቤቴ «ጨው አቀብለኝ» ስትል «ለምን?» ይሏታል። [ሳቅ]

አንዴ ከገባችሁ ደግሞ በየቦታው ታገኙታላችሁ። ባላርድ ያለውን የጀልባ መተላለፊያ ሄዳችሁ አይታችኋል? ሳልመን የሚባለው ዓሣ በመሰላል የሚወጣበት? እ.ኤ.አ. ከ1917 ጀምሮ ያለ ነው። አንዱ ወገን የባሕር ውኃ፣ ሌላው ወገን ወደ ሌክ ዋሽንግተን የሚሄድ ጨው የሌለበት ውኃ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ጨዋማው በሥር እየሾለከ ይገባል፤ ሐይቁን እንዳያበላሽ ከሥር መከለያና ማስወገጃ ተሠርቶለታል። ያው የቀይ ሥራችን ነገር ነው። ልጆቹን ይዛችሁ ሂዱ፤ ማየት በነጻ ነው።

ደወሉን ልንገራችሁ። የውድድሩ ዓይነት ደወል ውድ ነው። እኛ አራት የድስት ክዳን ወሰድን፤ ትልቅ፣ ትንሽ፣ የብረት፣ የሸክላ። ድምፁ ስለሚለያይ ማን እንደቀደመ ይታወቃል። የሸክላው በሁለተኛው ሳምንት ተሰበረ፤ የአማቴ ነበር፤ እሱን ሌላ ቀን አወራችኋለሁ። ክዳኑ የጠቀመው እጅን ለማፍጠን አይደለም፣ እጅን ለመያዝ ነው። ልጄ በሁለተኛው ዓመት ጥሩ እየሄዱ ሳለ፣ ጥያቄው ተነቦ ሳያልቅ ጫነች። «በምድር ወገብ ፓስፊክ ላይ የንግድ ነፋሶች...» ሲል ጫነችና ስለ ኤልኒኞ፣ ነፋሶቹ ሲደክሙ ስለሚመጣው የፓስፊክ ሙቀት፣ መለሰች። ጥያቄው «ሲበረቱ» ብሎ ሊቀጥል ነበር፤ ተቃራኒው ላኒኛ ነው። ዙሩ በእሱ አመለጠን። አልተቆጣኋትም፤ እኔም ከኋላ ሆኜ በሆዴ ጭኜ ነበር። እስከ መጨረሻው ስሙ። እስከ መጨረሻው ስሙ። የጥያቄው መርዝ ጅራቱ ላይ ነው።

አሁን አንድ ነገር አለ፤ አባ እዚህ ስላሉ ፈራ ተባ እያልኩ ነው የምናገረው። ልጆቹ ስለ ባሕሩ መሙላትና መሸሽ ሲያጠኑ ከበዳቸው። እዚህ ፑጄት ሳውንድ ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፣ ሁለቴ ይሸሻል፤ ሁለቱ ሙላት እኩል አይደሉም፤ በየቀኑም ወደ ሃምሳ ደቂቃ ያህል ይዘገያል። ለምን ይዘገያል? ጨረቃዋም በየቀኑ ያንኑ ያህል ስለምትዘገይ። አዲስ ጨረቃና ሙሉ ጨረቃ አካባቢ ደግሞ ፀሐይና ጨረቃ አብረው ስለሚስቡ የሙላቱና የሽሽቱ ልዩነት ይሰፋል። ልጆቹ የጨረቃን ቀን ከስልካቸው ሊፈልጉ ሲሉ አንድ የቤተ ክርስቲያናችን አዛውንት ቤታችን ቡና እየጠጡ ነበር። «ምን ፈለጋችሁ?» አሉ። ነገርናቸው። ጣታቸውን ቆጠሩ፣ አበቅቴውን አሰቡ፣ «ዛሬ ጨረቃ ይህን ያህል ቀኗ ነው፤ ስለዚህ በዚህ ቀን ትሞላለች» አሉ። ልጆቹ ሠንጠረዡን ከፈቱ። ልክ ነበሩ!

አበቅቴ ምንድን ነው? የፀሐይ ዓመት 365፣ የጨረቃ ዓመት 354፤ ልዩነቱ 11። ሊቃውንቱ ፋሲካን ለማውጣት የሚጠቀሙበት ቁጥር ነው። የስሌቱም ስም ባሕረ ሐሳብ! ባሕር የለንም ስንል ሐሳቡ ላይ አለን። [ጭብጨባ] የቬትናሟ ልጅ ደብተሯን ይዛ አዛውንቱ እግር ሥር ተቀመጠች፤ ቋንቋ አይግባቡም፣ ልጄ ታስተረጉማለች። ቅዳሜውን አልካይ ባሕር ዳር ሄደን እንጨት ተከልን፣ በየግማሽ ሰዓቱ ውኃው የደረሰበትን ምልክት አደረግን። ብርዱን አትጠይቁኝ። ነገር ግን ያንን ክፍል ከዚያ ወዲያ ማንም አልሳተውም።

ሌላም የኛ የሆነ አለ። አያቴ አሞሌ ጨው በጨርቅ ጠቅልላ ታስቀምጥ ነበር። በእሷ ልጅነት ገና እንደ ገንዘብ ያገለግል እንደነበር ትነግረን ነበር። ከአፋር በግመል የሚመጣ ጨው ነው። ከየት መጣ ብዬ ጠይቄ አላውቅም፤ ጨው ከአፋር ይመጣል፣ አለቀ። ልጄ ናት ያስረዳችኝ። የዳናክል ረባዳ ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። በጥንት ዘመን ቀይ ባሕር ይገባበት ነበር፤ ተዘጋ፣ ውኃው ተነነ፣ ጨው ቀረ። ዛሬም ዳር ዳሩን የደረቀ የኮራል ድንጋይ ይገኛል። በረሃ ላይ ኮራል! አያቴ ጨርቅ ውስጥ የጠቀለለችው ባሕር ነበር። እዚያው አፋር ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ2005 መስከረም፣ በደባሁ እሳተ ገሞራ አካባቢ ወደ 60 ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስንጥቅ በጥቂት ሳምንታት እስከ 8 ሜትር ተከፈተ። ሦስት የመሬት ሳህኖች፣ ማለትም ግዙፍ የምድር ቅርፊት ቁራጮች፣ የሚለያዩበት ቦታ ነው። በሚሊዮን በሚቆጠሩ ዓመታት ውስጥ አዲስ ውቅያኖስ እንደሚሆን ነው ሳይንቲስቶቹ የሚናገሩት። የውቅያኖስ ወለል እንዴት ይፈጠራል የሚል ጥያቄ ሲመጣ፣ ልጆቻችን ከማንም በላይ ሊሰሙት የሚገባ ጥያቄ ነው እላለሁ። አሰልጣኛቸው የነበረችው መምህርት ይህንን ስነግራት አንድ ሙሉ ክፍለ ጊዜ ለአፋር ሰጠችው።

ሰዓቴ ሄደ? አምስት ደቂቃ? እሺ። ሦስተኛው፣ ወላጆች።

እናቶች፣ አባቶች፣ «እኔ እንግሊዝኛ አልችልም፣ ምን ላግዘው» አትበሉ። እኔ ካርዱን ሳነብ ልጆቹ ይስቁብኝ ነበር። «ቴርሞክላይን» የሚለውን ቃል፣ የባሕሩ ሙቀት ድንገት የሚቀንስበት ንጣፍ ማለት ነው፣ እንዴት እንደምለው አሁን አልነግራችሁም። ግን ምን ሆነ? ከኔ አፍ የወጣውን ጥያቄ የለመደ ጆሮ የውድድሩን አንባቢ በቀላሉ ሰማ። ሌላው ቡድን «ይድገሙልን» የሚል ፊት ሲያሳይ የኔዎቹ ሞቋቸው ይሰሙ ነበር። ኤርፖርት ተራ ስጠብቅ ካርድ አነባለሁ፤ ያልገባኝን ማታ እጠይቃለሁ፤ እነሱ ለኔ ሲያስረዱ ራሳቸው ይገባቸዋል። ማስረዳት ያልቻሉትን አልገባቸውም ማለት ነው። ስለዚህ አለማወቃችሁን አትደብቁ፤ ለልጆቻችሁ ትልቅ ሀብት ነው። ከዚያ ቀጥሎ መኪና መንዳት፣ ምግብ ማቅረብ፣ ቅዳሜን መስጠት ነው። የባሕር ሕጉን ክፍል ከናቃችሁ ግን ትሸነፋላችሁ፤ በዚህ ስቴት እ.ኤ.አ. የ1974ቱን የቦልት ፍርድ፣ ነባር ሕዝቦች ከሚሰገረው ሳልመን እኩሌታ ድርሻ እንዳላቸው የወሰነውን፣ የማያውቅ ልጅ እዚህ አደግሁ ማለት የለበትም።

አንድ የመጨረሻ ታሪክ። ባለፈው ወር ወንድሜ ከወሎ ደወለ። ዝናቡ እንደቀረ ታውቃላችሁ። መንግሥት ራሱ 8.2 ሚሊዮን ሕዝብ እርዳታ ይፈልጋል ብሏል። ወንድሜ «በሬዎቹን ሸጥን» አለኝ። እኔ የሰባ ሰባቱን ያየሁ ሰው ነኝ፤ ስልኩን ይዤ ዝም አልኩ። ልጄ አጠገቤ ነበረች። ስልኩን ተቀበለችኝና ለአጎቷ በተሰባበረ አማርኛ ማስረዳት ጀመረች። ፓስፊክ ላይ ነፋሱ ሲደክም ሙቁ ውኃ ወደ ምሥራቅ ይመለሳል፣ የአየሩ ዑደት ይዛባል፣ በሰሜንና በምሥራቅ ኢትዮጵያ ክረምቱ ይሳሳል። ኤልኒኞ። ወንድሜ ሰምቶ ሰምቶ ምን አለ? «ታዲያ ቀድሞ ይታወቃል?»

ቀድሞ ይታወቃል ወይ? ያ ነው ጥያቄው! ምልክቱ በወራት ቀድሞ ይታያል። ፓስፊክ ምድር ወገብ ላይ በደርዘኖች የሚቆጠሩ የታሰሩ ተንሳፋፊዎች የውኃውን ሙቀት ከላዩ ጀምሮ ወደ ታች በየጥልቀቱ ይለካሉ። ያንን መሣሪያ የፈጠረው ቤተ ሙከራ የት ነው? እዚሁ፣ ሲያትል፣ ሳንድ ፖይንት! ስንቴ በአጠገቡ ሰው ጭኜ አልፌያለሁ። አጥሩን አይቼ ወታደር ቤት ይመስለኝ ነበር። ልጄ ለአጎቷ «ይታወቃል፣ ግን...» አለችና ቆመች። ከ«ግን» በኋላ ያለውን አላወቀችውም። እኔም አላውቀውም። እሷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ያንን «ግን» እያጠናች ነው።

በሉ፣ ቡናው ደርሷል ይሉኛል። ምዝገባው በሩ አጠገብ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የሆናችሁ ገና ነን አትበሉ። ልምምዱ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጠዋቱ አራት ሰዓት፣ እዚሁ ነው፤ እንደ አበሻ ቀጠሮ ሳይሆን በእውነተኛው አራት ሰዓት፣ ፈረንጆቹ አሥር የሚሉት። [ሳቅ] እያንዳንዱ ልጅ አንድ የድስት ክዳን ይዞ ይምጣ፤ የሸክላ አይሁን። ሳህኑን እኔ አመጣለሁ። ቅዳሜ የምንጀምረው በዚህ ነው፤ በአንድ ወገን ሙቅ ጨዋማ ውኃ፣ በሌላ ወገን ቀዝቃዛ ጨው የሌለበት ውኃ። ሲገናኙ ማን ከሥር ይተኛል? አንተ ከኋላ፣ አሁን አትመልስ! ስልኩንም አስቀምጠው። ሳምንቱን ሙሉ አስብበት፤ ቀይ ሥሩንም ከእናትህ ጠይቅና ይዘህ ና።